ሽርጥ በአንድ እጅ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ ሙሐዲንን የማያውቅ ጥቂት ነው። የሚታወቀውም በሀብቱ ሳይሆን በሽርጡ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ በባቡር ጅቡቲ ከገባ ወዲህ እንጀራው ሽርጥ መሸጥ ሆነ፤ ሶማሌዎቹ ማዓዊስ የሚሉትን፣ ወንዶች ከወገባቸው በታች አገልድመው የሚውሉበትን ያን ዳርና ዳሩ ተገጣጥሞ የተሰፋ ሰፊ ጨርቅ። ከነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘን በጥቅል ያወጣል፣ ጠባብ ሱቁ ውስጥ በየቀለሙ ይደረድራል፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ማስታወቂያው ራሱ ነበር። የሽርጡ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያርፋል፤ የፊቱ እጥፋት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ሲራመድ ይከፈታል፣ ሲቆም ተመልሶ ይተኛል። «እኔንም እንዲህ አድርገኝ» እያለ የሚመጣው ደንበኛ ብዙ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደስ የሚለው ግን ከደጋ የሚመጡትን የከባድ መኪና ሾፌሮች ማስተማር ነው። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቁ በጂንስ ሱሪ ተቀቅለው፣ ጭናቸው ተልጦ፣ እየተንገዳገዱ ሱቁ ይገባሉ። ሙሐዲን ቁምጣቸው ላይ ሽርጥ ያስገባቸውና ፊት ለፊታቸው ይቆማል።

«ግራና ቀኙን ዘርጋ። ጀርባህ ላይ እስኪጠብቅ ወደ ቀኝ ሳበው። እጠፍ። የግራውን በላዩ ደርብ። አሁን ከላይ ወደ ታች ጠቅልለው። ልቀቀው! አትፍራ አቦ፣ ልቀቀው!»

ሾፌሩ ይለቀዋል። ሽርጡም እግሩ ሥር ክምር ይላል። ሱቁ በሳቅ ይሞላል፤ ሙሐዲንም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምርለታል።

አንድ ሐምሌ፣ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከተማውን እንደ ምድጃ ሲያነድደው፣ ሙሐዲን ለንጋቱ ሱብሒ ሶላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ በግራ ጎኑ ወደቀ። ሚስቱ ዓቢዳ የውኃው ጀበና ሲንከባለል ሰምታ ስትሮጥ፣ አፉ ተጣሞ፣ ዓይኑ ብቻ እየተናገረ አገኘችው። ሐኪም ቤት ከርሞ ሲወጣ አፉ ተመልሶለታል፤ ግራ እግሩም እየተጎተተ ቢሆን ይሄዳል። ግራ እጁ ግን ሰለለ። ከትከሻው ተንጠልጥሎ የሚከተለው እንጂ የሚታዘዘው አልሆነም።

ከቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ለጁምዓ ነበር። ሽርጡን ያሰረችለት ዓቢዳ ናት፤ የሰው ወገብ አስራ ስለማታውቅ አጥብቃ አሰረችው። መስጊድ እስኪደርስ ያዘ። ሰልፉ ውስጥ ቆመ፣ ለሩኩዕ ጎንበስ አለ፣ ለሱጁድ በግንባሩ ተደፋ። ከሱጁድ ሲነሳ ጠርዙን በተረከዙ ረገጠው፤ ወገቡ ላይ ያለውም ተፈታ። በቀኝ እጁ ያዘው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሶላት በሙሉ እጁን ወገቡ ላይ እንደ ሙጫ አጣብቆ ጨረሰ። አሰላምተው ሶላቱ ሲያበቃ ከኋላው የነበረ ጎልማሳ ምንም ሳይናገር በሁለት እጁ አቅፎ ጠቀለለለትና ወጣ። ክፋት አልነበረውም። ሙሐዲን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጣም።

ልጁ ሒክማ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ካለ ሱቅ ባለ ላስቲክ ቱታ ገዛችለት። «አባ፣ ይሄ ምንም ማሰር የለውም» አለችው። ለበሰው። ዓቢዳ ጠዋት ሱቁን ልትከፍት ስትሄድ እሱ በቱታው መስኮቱ ሥር ይቀመጥና የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ወገብ ያያል። ይሄ አጥብቆታል። ያኛው በጣም ዝቅ አድርጎታል። ያ ደግሞ ከኋላው ተነስቶበታል፣ ማን ይንገረው?

እንዲህ እያለ ሳለ የኒዛር ሽማግሌዎች መጡ። ኒዛር ወደብ ላይ በጉምሩክ አስተላላፊነት የሚሠራ፣ ወላጆቹ ከሐረር የሆኑ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሒክማን ጠየቀ፣ ሒክማም ወደደች። ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሲወጡ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ሙሐዲን ግን አንድ ነገር ያዘው። ኒካህ ሲታሰር የሙሽሪት አባት ቀኝ እጁን ለሙሽራው ይሰጣል። ያ እጅ ሙሽራው እጅ ውስጥ ነው። ግራው የለም። ታዲያ ሽርጡን ማን ይይዘዋል?

«ቱታህን ልበስበት» አለች ሒክማ፤ ቀለል አድርጋ። «በላዩ ረጅም ጀለቢያ ታደርጋለህ፣ ማንም አያይም።»

«እኔ አያለሁ» አላት።

«አባ...»

«ልጄን በቱታ አልድርም፣ ሒክማ። ሽርጤን ለብሼ ነው የምድርሽ። የማስረውም ራሴ ነኝ።»

ሒክማ እናቷን አየች። ዓቢዳ ሰላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናትና ያን ድምፅ ታውቀዋለች። «ሞኝ ካመረረ በግ ከበረረ» ብላ ወደ ማዕድ ቤቷ ገባች።

ግን ዝም ብላ አልተኛችም። በማግሥቱ ከሱቅ አንዱን ሽርጥ አምጥታ ወገቡ ላይ ላስቲክ ሰፋችበት፤ ከውጭ እንዳይታይም አፉን አጠፈችው። ሙሐዲን ለበሰው። መስታወት ፊት ቆመ፣ ዞረ። ጨርቁ ወገቡ ላይ ተጨማዶ እንደ ስልቻ አፍ ተሰብስቧል፤ ከዳሌው በታች ተነፍቷል፤ ከፊት አጥሮ ከኋላ ረዝሟል።

«ጉርድ ቀሚስ ሆነ» አለ።

«ይይዛል ግን።»

«ይይዛል። አይወርድም፣ እሱስ እውነት ነው። አወራረዱ ግን የወንድ ሽርጥ አይደለም፣ ዓቢዳ። አንቺም እኮ ታይዋለሽ።»

ታየዋለች። ለዚህም ነው ያልተከራከረችው። ላስቲኩን ፈትታ ለመጋረጃ አደረገችው።

ከዚያ ሙሐዲን ብቻውን ገባበት። ጠዋት ዓቢዳ ሱቅ፣ ሒክማ ሥራ ሲሄዱ በሩን ዘግቶ ይጀምራል። ሽርጡ ውስጥ መግባቱ ቀላል ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩን ያስገባና ይነሳል። ችግሩ ከዚያ ነው። በቀኝ እጁ ትርፉን ጨርቅ ወደ ቀኝ ሲስበው የግራው ይከተለዋል፣ የሚይዘው የለምና። በጥርሱ ሞከረ፤ ጎንበስ ሲል ወገቡ ላላ፤ ቀና ሲል ሽርጡ ሆዱ ላይ ወጣ። ቀበቶ ሞከረ፤ ቀበቶውን በአንድ እጅ መቆለፍ ቻለ፣ ጨርቁ ግን ከቀበቶው ሥር እየሾለከ ጥቂት ሲራመድ መሬት ጠረገ። ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ ሊገባበት ሞከረና ከነወንበሩ ወደቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ። ጎረቤት እንዳትሰማው በሶማሌኛ አንድ ሁለት ተራገመ። ከዚያ ተነሳና እንደገና ያዘው።

ዓቢዳ ማታ ስትመጣ ክርኑ ላይ ያለውን ቁስል ታያለች። ቅባት ትቀባዋለች። አትጠይቀውም፣ እሱም አይነግራትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጀንበሬ መጣ። ጀንበሬ ከደሴ በላይ ካለ አገር የወጣ፣ አዲስ አበባና ጅቡቲን በተሳቢ ሲመላለስ ዕድሜውን የፈጀ ሾፌር ነው። ሱቁን ዓቢዳ ብቻዋን ይዛ ሲያይ ጠይቆ፣ ከድሬዳዋ ያመጣውን የዘይቱን ፍሬ በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው ቤቱ ገባ። እንደ ሁሌው ሽርጥ ለብሷል፤ እንደ ሁሌውም ሽርጡ አስቀያሚ ነበር። ቀኝ ዳሌው ላይ ቡጢ የሚያህል እብጠት አለው፣ ጠርዙ አንዱ ጉልበት አንዱ ቁርጭምጭሚት ይላል።

«እግዜር ይማርዎ ጋሼ ሙሐዲን። አገር ሰላም?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተ አሁንም ማሰር አልተማርክም?»

ጀንበሬ ሳቀ። «ስንት ጊዜ አስተማሩኝ! አልገባ አለኝ እኮ። ግን እንዳይረሱ፣ አስቀያሚ ይሁን እንጂ ወድቆብኝ አያውቅም። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ጎማ ቀይሬበታለሁ፣ ጭነት ላይ ወጥቼ ወርጄበታለሁ።»

ሙሐዲን የሚገምጠውን ፍሬ አስቀመጠ። «እስቲ ፍታውና እሰረው።»

«እዚህ?»

«ቁምጣ ለብሰሃል አይደል?»

ጀንበሬ ትንሽ አፍሮ ፈታው። ከዚያ በቀኝ እጁ ትርፉን ሰብስቦ ዳሌው ላይ አመጣው፤ እንደ ገመድ ሁለቴ ጠመዘዘና ጫፉን በውስጥ ሸጎጠው። ግራ እጁ እሱም የሚበላውን ፍሬ እንደያዘ ነበር።

ሙሐዲን ወደ ፊት ጠጋ አለ። «በአንድ እጅ ነው የምታስረው?»

«አሃ፣ እሱማ ልማድ ነው» አለ ጀንበሬ። «ሸራ ስናስር በአንዱ እጃችን መኪናው ላይ ተንጠልጥለን በሌላው ነው ገመዱን የምንወጥረው። ገመዱን ዕቃው ላይ ታስጠጋዋለህ፣ ራሱ ዕቃው ይይዝልሃል። እኔም ሽርጡን እንደ ሸራ ነው የማየው። ይሳቁብኝ እንግዲህ።»

«አልስቅብህም» አለ ሙሐዲን። «እንደገና ፍታው። ቀስ ብለህ አሳየኝ።»

ጀንበሬ ደጋግሞ አሳየው። ሲመሽ ተሰናብቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሙሐዲን ግን «ራሱ ዕቃው ይይዝልሃል» የሚለው ቃል አልለቅ አለው። እሱን የሚይዝለት ዕቃ ምንድን ነው? በማግሥቱ በሩን ዘጋና የግራ ዳሌውን የበሩ መቃን ላይ አስጠጋ። ጨርቁ በዳሌውና በእንጨቱ መካከል ተጣበቀ። ወደ ቀኝ ሳበው። የግራው አልተከተለም! ጀርባው ላይ ሲጠብቅ ተሰማው፤ ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥብቀት አካሉ ላይ ተሰምቶት አያውቅም። ጠመዘዘ፣ ሸጎጠ፣ ከመቃኑ ተላቀቀ። ሽርጡ ቆመ።

ያን ቀን ዓቢዳ ስትገባ በክፍሉ መካከል ቆሞ አገኘችው።

«ያዘ» አለ።

ዓቢዳ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ዙሪያውን ዞረች። ዓይኗ ላይ እንባ ነበር፤ ቢሆንም የሽርጥ ነጋዴ ሚስት ናት። «የጀንበሬን መሰለ» አለች።

ሙሐዲን በጣም ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ አልሳቀም። «መሰለ። ማሰሩ ተገኝቷል። አሁን አወራረዱ ነው የቀረን።»

የቀረው ግን ከበፊቱ የባሰ ሥራ ነበር። እብጠቱን ለማጥፋት ጨርቁን በሙሉ መጠምዘዙን ተወ፤ ትርፉን በመዳፉ እያስተኛ ሆዱ ላይ ጠፍጣፋ እጥፋት አደረገውና መጨረሻውን ጥቂቱን ብቻ ጠመዘዘ። ከላይ ያለውን ጠርዝ ለመጠቅለል መቃኑ ላይ ቀስ እያለ ዞረ፤ ቀኙን ጠቅልሎ ሆዱን፣ ሆዱን ጠቅልሎ ግራውን። ታሞ ስለከሳ ድሮ ሆዱ የሚይዝለት ጨርቅ አሁን ከዳሌው አጥንት በላይ ካልተቀመጠ አይቆምም፤ ስለዚህ ከፍ አደረገው። ጨርቁንም መረጠ። አዲስ ሽርጥ ያንሸራትታል፤ ብዙ የታጠበ ጥጥ ግን ራሱን በራሱ ይነክሳል። ከሳጥኑ ሥር አንድ ቡናማ፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለውን አሮጌውን አወጣ።

በመጨረሻ ያስቸገረው ጠርዙ ነበር። መስታወት ፊት ቆሞ እኩል ያደርገዋል፤ ሲራመድ ግራው ወርዶ እግሩ ሥር ይገባል።

«ወደ ግራ ይወርዳል» አለች ዓቢዳ፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ እየመዘነች።

«እኩል ነው ያሰርኩት። በጣት ለካሁት።»

«ሽርጡ እኩል ነው። አንተ ነህ ወደ ግራ የወረድከው።»

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ፊት ለፊት አላለውም ነበር። ትከሻውን በመስታወቱ አየው፤ እውነትም ግራው ዘንበል ብሏል፣ ዳሌውም አብሮት። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ መቃኑ ተመለሰና ፈታው። ግራውን ሆን ብሎ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ አሰረው። ተራመደ። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ወረደ፣ እግሩንም አልያዘውም።

«አሁን ሽርጥ ነው» አለች ዓቢዳ።

ኒካሁ ሊታሰር ጥቂት ቀን ሲቀረው ኒዛር ስጦታ ይዞ መጣ፤ ለአማቱ የሚያብረቀርቅ፣ ከዱባይ የመጣ፣ ዳሩ ገና ያልተሰፋ የሽርጥ ጨርቅ። ሙሐዲን በጣቱ ዳሰሰው። እንደ ዘይት የሚያንሸራትት ነው። ይህን ለብሶ ቃዲው ፊት ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን አወቀ። ልጁን ማስከፋትም አልፈለገም፤ ዝም ብሎ መቀበልም አልፈለገም።

«ኒዛር፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለው። «ይሄ ቆንጆ ነው። ግን እኔ ወገብ ላይ አይቆምም። እጄን ታየዋለህ።»

ኒዛር ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ አባባ፣ አላሰብኩም ነበር...»

«እንዴት ብለህ ታስበው? አንተ ሁለት እጅ አለህ። ባይሆን አታሰፋው፤ ትከሻዬ ላይ እጥለዋለሁ። ወገቤን ለኔ ተውልኝ።»

በኒካሁ ቀን ሙሐዲን የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሰግዶ ክፍሉን ዘጋ። ውጭ ወንዶቹ መምጣት ጀምረዋል፤ ምንጣፍ ሲዘረጋ፣ ሻይ ሲዞር ይሰማዋል። ሒክማ አንድ ጊዜ አንኳኳች፤ እናቷ እጇን ይዛ መለሰቻት። ሙሐዲን አንዴ አስሮ ፈታው፣ እጥፋቱ ጠምሞበት ነበርና። ሁለተኛውን ወደደው። የኒዛርን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። ደጅ ያሉት ወንዶች ተነሱለት። ከመካከላቸው አንዱ የድሮ ደንበኛ ሽርጡን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ሙሐዲን ያን ነቀነቃ ከሰላምታው ሁሉ አስበልጦ ተቀበለው።

ቃዲው ፊት ተቀመጡ። ቀኝ እጁን ለኒዛር ሰጠ። የልጁ መዳፍ በላብ ርሷል፤ የእሱም። ቃዲው ያስባለውን አለ፤ ልጄን ሒክማን ዳርኩህ አለ፤ ኒዛር ተቀበልኩ አለ። ሙሐዲን በዚያች ሰዓት ስለ ወገቡ እንዳላሰበ ያስተዋለው ዱዓው ሲያልቅ ነው።

ከዚያ መነሳት መጣ። ሁሉም ሊያቅፈው ተንጋጋ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲስበው ዳሌው ላይ ያለው ጥቅልል ላላ ሲል ተሰማው። ፎቶ አንሺው «አባት ወደዚህ!» እያለ ይጣራል። ኒዛርም አይቶ ኖሮ ጠጋ ብሎ «ልያዝልህ?» አለው በጆሮው።

«አይ» አለ ሙሐዲን። «ፎቶው ይቆየኝ።»

በቀኝ እጁ ዳሌውን ደግፎ፣ ሳይቸኩል፣ በሰዎቹ መካከል ወደ ኮሪደሩ ሄደ። የመታጠቢያ ቤቱን መቃን በግራ ዳሌው ተደገፈ። ፈታ፣ ሳበ፣ አስተኛ፣ ጠመዘዘ፣ ሸጎጠ፣ ዞሮ ጠቀለለ። እጅ ሊታጠቡ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ጠበቁት። አንደኛው ሊያግዝ እጁን ዘረጋና ፊቱን አይቶ መለሰው። ሙሐዲን ጨርሶ ጠርዙን ቁልቁል አየ፤ ግራው ትንሽ ከፍ ማለቱን አረጋገጠና «ግቡ፣ ግቡ፣ አስጠበቅኳችሁ» አላቸው። ሲመለስ ፎቶ አንሺው ሰውን ሁሉ ደርድሮ ይጠብቀው ነበር። በመካከል ቆመ።

አሁን ሙሐዲን ሱቁ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ከዓቢዳ ጋር በሚኒባስ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ሙቀቱ ሲበረታና እጁ ሲያልበው፣ ማሰሩ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ ዓቢዳ ጫማዋን አድርጋ፣ የሱቁን ቁልፍ ይዛ፣ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንዱ ሚኒባስ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። አትጣራም። ከውስጥ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል፤ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ኋላ በሩ ይከፈታል።

«እንሂድ» ይላታል።